ስፌት የበላው አንድ

የእህቴን ባል ሠፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ጫማ አስወልቆ ይለካዋል፣ ጫማ አስጠልቆ ይለካዋል፣ ከዚያ ደግሞ «እስቲ አሁን ዝም ብለህ እንደምትቆመው ቁም» ይለዋል። ይሄኔ ሰውየው ድሮ እንዴት ይቆም እንደነበር ይጠፋዋል። አንድ ሾፌር «ኧረ ወንድሜ፣ ሱሪ አሳጥር አልኩህ እንጂ መሬት ቀይስ አልኩህ?» ብሎ ጥሎት ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ግን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና ሳይከራከር ከፈለ። ልክ ነበራ።

እኔም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። የቁልፍ ቤት እሠራለሁ፣ እቀመቅማለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ደንበኛ ሲነዘንዝ እሳደባለሁ። ሱቁ አንዲት ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ የእህቴ ልጅ። ሚጢ ነው የምንላት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ አውቶቡስ ተራ ትኬት ስለምትቆርጥ ቀን ቀን የለችም። ስለዚህ ልጅቷ መዳህ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ያደገችው በዚያ ጠረጴዛ ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ነው። አባቷ ጫፉ ያለቀ አሮጌ ሜትር ሰጥቷታል፤ ያገኘችውን ሁሉ ትለካበታለች። አንድ ቀን አውራ ጣቴን ለካችና «አክስቴ፣ ስድስት ነሽ» ብላኝ ሄደች።

እንግዲህ ሚጢ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ዓመት ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይፈትናል። ፊደሉን አንበለበለችው። ቀለም ስትጠየቅ «ይሄ ሰማያዊ ነው፣ ግን ብዙ ታጥቧል» አለች አሉ። ሂሳብ ላይ ስትደርስ ነው ጉዱ የመጣው። አስተማሪዋ ጥያቄውንም መልሱንም ጽፋ በወረቀት ላከችልን። «ሦስት ላይ ሁለት ብንቀጥል ስንት ይሆናል?» ሚጢ፦ አራት። «አራት ላይ አራት ብንቀጥልስ?» ሚጢ፦ ሰባት። «አምስት ላይ አንድ ብንቀጥልስ?» ሚጢ፦ አምስት። ከሥር እንዲህ የሚል አለ፦ «መደመር አልገባትም። ቤት ውስጥ በእጅ በሚዳሰሱ መቁጠሪያዎች ትለማመድ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግመን እንፈትናታለን፤ ያኔም ካልቻለች ኬጂ ትደግማለች።»

ሚሊሜትር ወረቀቱን አነበበ። ለሁለት አጠፈው፣ ለአራት አጠፈው፣ ጠርዙን በጥፍሩ ተኮሰውና የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እትዬ» አለኝ፣ «የኔን ጭንቅላት ነው የወረሰችው።»

ሦስተኛ ክፍል ላይ በሂሳብ የተነሳ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ነው። ስለዚህ ነገር አያወራም፤ እኔም ከእህቴ ነው የሰማሁት።

«አንተ ደግሞ! ቀኑን ሙሉ ሲለካ የሚውል ሰው ሂሳብ አይገባኝም ይላል?»

«መለካት ሌላ፣ ሂሳብ ሌላ። መለካት እጅ ነው» አለና መኪናውን መርገጥ ጀመረ። ዓይኑ ግን ቀልቷል።

በማግስቱ መቁጠሪያ ልንመርጥ መጫወቻ ሱቅ ሄድን። እኔ የሄድኩት ብቻውን ከላክሁት ሱቁ ላዩ ላይ ይዘጋበታል ብዬ ነው። ባለሱቁ ትንንሽ፣ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ድቦች አወጣልን። ለመቁጠር የሚሆኑ ናቸው፣ ሕፃናት ይወዷቸዋል አለ። ሚሊሜትር አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ጣቱን በምራቁ አራሰና የድቡን ሆድ ፈተገው።

«ቀለሙ ይለቃል?»

«ጌታዬ፣ ፕላስቲክ ነው።»

«ሲታጠብስ ይሰበሰባል?»

«ድብ ማን ያጥባል?»

«ልጅ ያለበት ቤት ሁሉም ነገር ይታጠባል» አለና ከአንገቱ ሜትሩን አወረደ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አስር ድብ ደርድሮ ቁመታቸውን ለካ። «ይሄ አረንጓዴው በሁለት ሚሊ ያንሳል» ብሎ አስታወቀ።

«ትንሹ ልጅ ነዋ!» አለ ባለሱቁ። ሰውየው ደክሞታል።

ድቦቹን ይዘን ተመለስን። ሚሊሜትር ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «ሚጢ፣ ሦስት ድቦች ቤት ውስጥ አሉ እንበል። ሁለት እንግዳ መጣባቸው። ስንት ሆኑ?»

«አምስት» አለች፣ ጣቷን እንኳ ሳታወጣ።

እልል ልል ነበር። እሱ ግን ነገር ካላረጋገጠ አይሆንለትም። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና አስተማሪዋ እንደጻፈችው ቃል በቃል አነበበላት። «ሦስት ላይ ሁለት ብንቀጥል ስንት ይሆናል?»

«አራት።»

ድቦቹን አያቸው። ልጅቷን አያት። እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ካውያዬን አየሁ።

በነጋታው መፍትሔ ይዞ መጣ። ችግሩ ድቦቹ ናቸው አለ። ፊት አላቸው፤ ልጅቷ ፊታቸውን እያየች ቁጥሩን አታየውም። ፊት የሌለው ነገር ያስፈልጋል። ሄዶ የሚገጣጠሙ የእንጨት ኩቦች ገዛ። ማዕዘናቸውን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ የሚቧጭሩትን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ሰጣት። ሦስት ኩብ፣ ሁለት ኩብ፣ አምስት። ወረቀቱ ሲወጣ፣ አራት። ኩቡ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ነገር ይሻላል አለ። በሽቦ ላይ የሚንሸራተት ዶቃ መጣ። ሚጢ ዶቃውን ከዳር ዳር እያንሿሿች ስትጫወት ዋለች፤ ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በዶቃ አምስት፣ በወረቀት አራት።

ከዚያ በኋላ ሻይ ቤቱ ሄዶ ሃያ ቆርኪ ለምኖ መጣ። ልትይዘው ስትል ነጠቃት።

«ጠርዙ አልተቀመቀመም። እጇን ይቆርጣታል።»

«ቆርኪ እኮ ነው!» አልኩት። «ቆርኪ ተቀምቅሞ አይተህ ታውቃለህ?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቶ፣ ሃያውንም ቆርኪ በገበር ጨርቅ አለበሳቸው። አስሩን በቀይ፣ አስሩን በሰማያዊ። አንዲት ሴት ኮቷን ልታስጠብብ መጥታ ቆርኪዎቹን አየችና «እንዴት ያለ ቁልፍ ነው!» አለች፤ ስድስቱን ካልወሰድኩ ብላ አስቸገረችን። በስንት ልመና ነው የመለስናት። እና በቆርኪስ? በቆርኪ አምስት፣ በወረቀት አራት።

እሁድ እህቴ ዕረፍቷ ነው። ገብታ ጠረጴዛውን ስታየው ድብ፣ ኩብ፣ ዶቃ፣ የለበሰ ቆርኪ። ቆሽቷ አረረ። «ይሄ ልብስ ቤት ነው ወይስ መጫወቻ ሱቅ?» አለች። ከዚያ ልጇን ፊቷ አቆመቻትና «ሚጢዬ፣ እኔን እዪኝ። ሦስት ላይ ሁለት ሲቀጠል አምስት ነው። አምስት! በይ እስቲ።»

«አምስት» አለች ሚጢ።

«ጎበዝ! ይሄው! አራት ላይ አራትስ?»

«አምስት።»

እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የባሏን ፊት ሳይ ወደ ካውያዬ ዞርኩ።

እንዲህ እያልን ሁለት ሳምንት ብቻ ቀረ። ሚሊሜትር እህል ውሃ አላሰኘው አለ። የአንድ ሰው ሱሪ ኪስ ጥርቅም አድርጎ ሰፍቶ ዘጋው። ጣቱን በመርፌ ወጋ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። አንድ ቀን ክር እያጠነጠነ «ከኔ ባትወለድ ይሻላት ነበር» አለ። «ዝም በል!» አልኩት፣ ጮኼ፤ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየን። የጮኽኩት ተናድጄ አይደለም፤ አንጀቴን በልቶት ነው።

ያኔ ነው የፀጉር ቤቷ ባለቤት የቀሚሷ ማንጠልጠያ አጠረኝ ብላ የመጣችው። ስምንት ሴንቲ የነበረው አስራ ሁለት ይሁንልኝ አለች። ቀላል ሥራ ነው። ሚሊሜትር ከዚያው ጨርቅ ፈልጎ አገኘ፣ አራት ሴንቲ ለካ፣ ቆረጠ።

«አባዬ» አለች ሚጢ ከጠረጴዛው ሥር አንገቷን አውጥታ፣ «አስራ አንድ ነው እኮ የሚሆነው።»

«ስምንትና አራት አስራ ሁለት ነው፣ ሚጢዬ» አለ፤ ድምፁ ዝሏል።

«እሱማ ሳትቀጥለው ነው። ስትቀጥለው ስፌቱ አንድ ይበላል። ግማሽ ከዚህኛው፣ ግማሽ ከዚያኛው።»

መቀሱን አስቀመጠ። እውነቷን ነው። ሁለት ጨርቅ ሲቀጠል ከሁለቱም ጠርዝ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ሴንቲ ስፌት በላው እንላለን። ለዚህ ነው «ለስፌት ትተህ ቁረጥ» የሚባለው። ሚሊሜትር ሳይተው ቆርጦ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ረሳው።

ቀስ ብሎ ተንበረከከና ከጠረጴዛው ሥር ገባ። እሱን የሚያህል ሰው።

«ሚጢ፣ ሦስት ላይ ሁለት ብንቀጥል?»

«አራት።»

«አራት ላይ አራትስ?»

«ሰባት።»

«ሦስት ድብ ቤት ውስጥ አለ፣ ሁለት መጣ?»

«አምስት።»

«እሱስ ለምን አራት አልሆነም?»

አየችው። ያዘነችለት ነው የሚመስለው። «ድብ ይሰፋል እንዴ?»

እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ካውያውን ሱሪ ላይ ረስቼው ኖሯል፤ የሸተተኝ ቆይቶ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «ይሄን ቀጥለው፣ ያንን ቀጥይልኝ» ስንባባል የሰማች ልጅ፣ አስተማሪዋ «ብንቀጥል» ስትላት ሌላ ምን ይምጣላት? መደመሩንም ችላ፣ ከዚያ ላይ ስፌቱን ቀንሳ ነው የመለሰችው። እኛ ደግሞ ድብ እናማርጣለን!

ሚሊሜትር ይፈነድቃል ብዬ ስጠብቅ ተነስቶ ወጣ። በሩ ላይ ደረጃው ጋ ተቀመጠ። ተከትዬው ሄድኩ።

«እትዬ» አለ ሳያየኝ። «አባቴም ልብስ ሰፊ ነበር። እኔም ከጠረጴዛ ሥር ነው ያደግኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛ ክፍል መምህሩ ሰሌዳ ፊት አቆመኝና ሰባት ላይ ስድስት ብንቀጥል አለኝ። አስራ ሁለት አልኩ። እንደገና አስብ አለኝ። አስራ ሁለት አልኩ። ልጁ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የጎደለው ነበር የሚሉኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ተውኩት።» እጁን ገልብጦ አየው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»

አለቀሰ። ወንድ ልጅ አደባባይ ላይ፣ ሜትር አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ የማፍርበት ምክንያት አይታየኝም። ለፀጉር ቤቷ ባለቤት ሥራሽ ነገ ይደርሳል አልናት።

ማታ እህቴ ነገሩን ስትሰማ «ታዲያ ምን ችግር አለ? ‹ተሳስተሻል፣ ትምህርት ቤት እንደዚያ አይደለም› በላት፣ አለቀ» አለች።

«አልላትም።»

«ለምን?»

«አልተሳሳተችማ። ልክ የሆነን ልጅ ተሳስተሻል አልልም። እኔን ያሉኝ እንደዚያ ነው።»

እህቴ «እንግዲያው እንዳሻህ» አለች። እህቴ እንዲህ የምትለው በዓመት አንዴ ነው።

ስለዚህ እንደገና መቁጠሪያ ፍለጋ ተገባ፤ አሁን ግን ምን እንደሚፈልግ አውቋል። ኮሌታ እንዲቆም የምንከትበትን ደረቅ ካርቶን አወጣ። ከአንድ ሴንቲ እስከ አስር ሴንቲ ቆራረጠው፣ እያንዳንዱን የተለያየ ቀለም ቀባው። ባለ ሦስቱንና ባለ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ ከሥራቸው ባለ አምስቱን አስቀመጠ። ልክ ሆነ። ሚጢ በሜትሯ ለካችው።

«አልተቀጠለም እኮ» አለች። «ተጠግቶ ነው የተቀመጠው።»

ሚሊሜትር አሰበ። አንድ ሸሚዝ ሰፍቶ እስኪጨርስ አሰበ። ቁልፉን እንድተክልለት እኔ ጋ ሲያመጣው ጎንበስ አለና ወደ ጠረጴዛው ሥር «ሚጢ» አለ። «ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀጠለውን ማንም አይለብሰውም። ለዚህ ነው ስፌት የማያስፈልገው።»

«ዝም ብለው ነው የሚቀጥሉት?»

«ዝም ብለው።»

«እሺ» አለች። ትንሽ እንዳዘነችላቸው ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ በካርቶኖቹ ስትጫወት ሁለቱንም ትል ጀመር፤ ሲለበስ ይሄን ያህል፣ ሳይለበስ ይሄን ያህል። ሚሊሜትር አንዱንም አልከለከላትም።

የፈተናው ቀን እህቴ ሥራ ስለነበራት እኔና እሱ ይዘናት ሄድን። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወንበሮች የልጆች ናቸው። ሚሊሜትር ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ተቀምጧል፤ ኮቱን ለብሷል። አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ እህቴ አስምላዋለች። አስተማሪዋ ወጣት ናት፣ ፊቷ አይከፋም። ወረቀት አወጣች።

«እሺ ሚጢ። ሦስት ላይ ሁለት ብንቀጥል ስንት ይሆናል?»

ሚጢ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ይለበሳል?» ብላ ጠየቀች።

«ምኑ?»

«የሚቀጠለው።»

አስተማሪዋ ወደ እኛ ዞረች። ሚሊሜትር ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። «አ... አይለበስም» አለች አስተማሪዋ፣ እንደ መጠራጠር ብላ።

«አምስት» አለች ሚጢ። «ቢለበስ አራት ነበር።»

አስተማሪዋ እርሳሷን አስቀመጠች። «ይቅርታ፣ አባቷ፣ ምን ማለቷ ነው?»

መሐላው እዚህ ላይ ፈረሰ። ሚሊሜትር ኮቱን አወለቀና እጅጌው ከትከሻው የተቀጠለበትን ገልብጦ ከውስጥ በኩል አሳያት። ስፌቱ የበላውን በጣቷ አስዳሰሳት። አስተማሪዋ የድሮውን ወረቀት ቅጂ ከፋይሏ አውጥታ ከላይ እስከ ታች አየችው። አራት፣ ሰባት፣ አምስት። ሁሉም በአንድ ያንሳሉ።

«እኔ እኮ ለልጆች እንዲቀላቸው ብዬ ነው ‹ብንቀጥል› የምለው» አለች ቀስ ብላ። «መደመር ይከብዳቸዋል ብዬ።» ከዚያ ሚጢን ሌላ ስድስት ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ሁሉንም መለሰች። ወረቀቱ ላይ «አንደኛ ክፍል ትግባ» ብላ ጻፈች፣ ፈረመችበት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት ልጅቷን። ሚጢ ምኑን እንደሆነ ባይገባትም አደረገችላት።

እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ቆምኩ። ሚሊሜትር ግን አልተነሳም። እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«መምህር» አለ፣ «እኔንም አንድ ይጠይቁኝ።»

«እርስዎን?»

«አንድ ብቻ።»

ጎኑን ልቆነጥጠው እጄን ሰደድኩና ተውኩት። አስተማሪዋ በዕድሜ ታናሽ እህቱን ብታህል ነው፤ ትስቃለች ብዬ ፈራሁ። አልሳቀችም። ወንበሯን አስተካክላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስምንት ላይ አምስት ሲደመር ስንት ይሆናል?»

አልቸኮለም። ዓይኑን ጨፈነ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«አስራ ሦስት።»

«ልክ ነው» አለችው። የእሱ ወረቀት ስለሌለ በሚጢ ወረቀት ዳር ላይ ቀይ የልክ ምልክት አደረገችለት።

ሚጢ ተንጠራርታ ምልክቱን አየችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ» አለችው፣ «አለፍክ።»